ያልተነገረው ዘብ

ኢምፋል ላይ ይዘንባል፤ መብራት ይሄድና ይመጣል፣
ጄነሬተሩ ባሳለ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል።
ሜምቻ ነኝ፤ ደም ቀጂ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ
ሰዎች ክንዳቸውን ሰጥተውኝ ወደ ጣሪያ ያያሉ።
የዛሬውን ብልቃጥ ግን ስሙን የጻፍኩት ቀስ ብዬ፣
ቻኦባ ይላል፤ የእናቴ ልጅ፣ ታናሼ፣ ተከታዬ።

ነገሩ የቆየ ነው።
ዱቄቱ ከሞሬ ድንበር በሩዝ ጆንያ ሲገባ፣
አምስት ነበሩ ናምቡል ዳር፣ ከቀርከሃው ገረባ፤
አንድ መርፌ ለአምስት። ሲዶለዱም በድንጋይ ሞርደው
እንደ ማኅበር ጽዋ ያዞሩታል፣ ተራ ጠብቀው፣ ተዋደው።
ንጋንባን ሳንባው ወሰደው፤ ቶምባን ክሳት ጨረሰው፤
ኢቦቶን አንድ ማታ እንደወጣ የሐይቁ ጭጋግ አለበሰው።
አራተኛውን አልጠራም፤ እናቱ ጎረቤቴ ናት።

ለቻኦባ ክኒን ደረሰ። አንደኛው እንግዳ አንገቱን ደፋ፣
ማሽናችን ዓይኑን አፍጥጦ ቢፈልገውም ጠፋ።
«አይታይም» ብዬ ጻፍኩ። እናታችን ያን ለት ማታ
ለሳናማሂ ማዕዘን አበባ አኖረች በዝምታ።
ግን መርፌው ያስገባው ሁለት ነበር። ሌላው እንግዳ
ድምፅ ሳያሰማ ኖረ፣ ጉበቱን አድርጎ ጓዳ።

ልጆች ሳለን ከቤታችን ማዶ አንድ ኬላ ነበር፣
በአሸዋ ከረጢት የታጠረ፣ የማይተኛ ወታደር።
ሽፍታ ሊይዝ መጣ አሉን፤ ሽፍታውን አላየነውም፤
ሩዛችን ግን ተረገጠ፤ ጥይቱን ውሻችን እንኳ አላመለጠውም።
«ዘብ ሲበዛ» ይል ነበር አባቴ፣ አጥሩን እየጠገነ፣
«ጎተራው ከሌባ ዳነና በጠባቂው ባዶ ሆነ።»

ያንን ኬላ አምና በማሽኑ መስኮት አየሁት፤
ነጥብ በነጥብ ሲበራ፣ ቀለም ሰጥቼ ቆጠርኩት፤
የወንድሜ ደም ዘቦች፣ ባንዲራቸውን ሰቅለው፣
ከአሥሩ ስድስቱ ቆመዋል፣ እንቅልፍ የሚባል ጥለው።
የአንጀቱን ግንብ አንደኛው ድሮ ሸንቁሮት ሄዷል፤
በዚያ የሚሾልከው ጉድፍ ጉበት ድረስ ይነጉዳል፤
ዘቡ ዒላማ ሳይለይ ይተኩሳል፤ የሚመታው ግድግዳ፤
ጠባሳ ይለስነዋል፤ ልስኑም ሌላ ዕዳ።
ልጠላው ብዬ አልቻልኩም፤ ለእሱው ነው የሚቆመው፤
ባይነቃ ኖሮ የቻኦባን አመድ ድሮ ናምቡል ነበር የሚሸከመው።

ዶክተር ላይሽራም የጉበቱን ጥንካሬ ለክቶ «አሥራ አራት» አለ፤
የጤነኛ ሰው አምስት ነው። ቻኦባ ሳቀና ቀጠለ፦
«እህቴ፣ እኔ ሰው ነኝ ወይስ ኬላ?»

ሞተር ብስክሌቱን ሸጠ። ሰማንያ አራት ክኒን፣
ከዓሣ መደቡ ኋላ በከሰል ሠርዞ እያንዳንዱን ቀን።
ሁለተኛውም ወጣ። «አልተገኘም» ብዬ ፈረምኩ።
ዛሬ ደግሞ ይሄን ብልቃጥ ለመቁጠር ተቀመጥኩ።

ከአሥሩ አራቱ አሁንም ቆመዋል። አራቱ!
ማን ይንገራቸው እነዚህን፣ አልቋል ብሎ ጦርነቱ?
ጠባሳው ወደ አሥራ አንድ ሟሟ፤ ከዚያ በታች አላለም፤
ጉበት ይቅር ይላል ይባላል፤ ይረሳል ግን የሚል የለም።

ቻኦባ በዝናብ ገባ፣ ከሎክታክ ሐይቅ ሦስት ዓሣ በፌስታል ይዞ።
«ተኙ?» አለኝ።
«አንዳንዶቹ።»
ወረቀቱን አየው፣ ውኃ ከፀጉሩ እየተንጠባጠበ፣ ተክዞ፦
«የሰፈራችን ኬላ እንኳ ሠላሳ ዓመት ፈጀበት።»
እውነቱን ነው። ወታደሮቹ አቻምና ሄደዋል፤
ከረጢቱ ግን እዚያው ነው፤ ሣር በቅሎበት፣
የሰፈሩ ልጆች ይንሸራተቱበታል።

መብራት ሄደ።
ፌስታሉ ውስጥ አንዱ ዓሣ ተገላበጠ።